የፊተኛው ሰንሰለት ታሪክ

የመሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ የጸሐፊው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በትልቁና ጐልቶ በሚታየው ነገር ላይ ነው። ስለ ባቡር የሚጽፍ የእንፋሎቱን ኀይል ያደንቃል፤ ስለ አውሮፕላን የሚጽፍ ክንፉን ያወሳል፤ ስለ ሞተር ብስክሌት የሚጽፍም ፍጥነቱንና ድምፁን ይተርካል። ኀይሉን ከተወለደበት ቦታ ተቀብሎ ወደሚሠራበት ቦታ የሚያደርሰው ክፍል ግን እንደ ትጉህ ተላላኪ ነው፤ ደብዳቤው እስከ ደረሰ ድረስ ስሙን የሚጠራለት የለም። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ስላለ አንድ ተላላኪ ለመናገር አስቤአለሁ። እርሱም በቀድሞዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ውስጥ የሞተሩን ኀይል ወደ ካምቢዮው የሚያደርሰው ፊተኛው ሰንሰለት ነው።

ጉዳዩ የመካኒኮች ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። የዚህ ሰንሰለት ታሪክ በውስጡ አንድ ጥያቄ ይዟል። ከጠንካራ ብረት የተሠራ ሰንሰለት ሲሠራ ከቈየ በኋላ እየረዘመ እንደሚሄድ ሞተር ብስክሌት የያዘ ሁሉ ያውቃል። ለምን ይረዝማል? ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው የሚሰጠው መልስ ስሕተት ነው። መልሱ ስሕተት በመሆኑም ብዙ ሰው ሰንሰለቱን መለወጥ ከሚገባው ጊዜ በኋላ ለወጠው፤ ብዙ ሰውም ከሰንሰለቱ ጋራ ሌላውን ደኅና ዕቃ አጠፋ። እንግዲህ ትክክለኛው መልስ ምን እንደ ሆነና በቸልታም ምን ጕዳት እንደ ደረሰ ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሰንሰለቱና ሥራው

በሞተር ብስክሌት ውስጥ የቤንዚኑ ቃጠሎ ፒስቶኑን ይገፋል፤ ፒስቶኑም የሞተሩን ዘንግ ያሽከረክራል። በዘንጉ ጫፍ ላይ አንድ አነስተኛ ባለ ጥርስ መንኰራኵር ተሰክቷል። ከእርሱ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የያዘ ሌላ ትልቅ ባለ ጥርስ መንኰራኵር አለ። እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፊተኛው ሰንሰለት ነው። ኀይሉ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ካለፈ በኋላ ሁለተኛው፥ ማለት ኋለኛው ሰንሰለት ተቀብሎ ወደ ኋላው ጎማ ያደርሰዋል።

የሁለቱ ሰንሰለቶች ዕድል የተለያየ ነው። ኋለኛው ሰንሰለት በግልጥ የሚታይ ስለ ሆነ አቧራም ጭቃም ያገኘዋል፤ ነገር ግን በመታየቱ ባለቤቱ ያስበዋል፤ ይጠርገዋል፤ ዘይትም ይቀባዋል። ፊተኛው ሰንሰለት ግን በመያዣ ውስጥ ተከድኖ በዘይት እየራሰ ስለሚሮጥ ከአቧራ ይድናል፤ ከባለቤቱም ዓይን ይሰወራል። ያልታየ ነገር ሁሉ ደኅና ነው ብሎ መገመት የሰው ልጅ የቈየ ጠባይ ነው። የዚህም ሰንሰለት ችግር ግማሹ የሚመጣው ከዚሁ ጠባይ ነው።

ሰንሰለቱ ከየት መጣ

በሰንሰለት ኀይል ማስተላለፍ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በቻይና አገር ሱ ሶንግ የተባለው ሊቅ በ11ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በካይፌንግ ከተማ ባሠራው ታላቅ የሰዓት ግንብ ውስጥ ኀይል የሚያስተላልፍ ሰንሰለት ነበረ። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺም በ15ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ፥ ዛሬ በማድሪድ በሚገኘው የማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ፥ ጠፍጣፋ ብረቶች በፒን እየተያያዙ የሚሠሩ ሰንሰለቶችን በሥዕል አሳይቷል። በ1829 ደግሞ አንድሬ ጋል የተባለ ፈረንሳዊ ሜዳይ ቀራጭ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሰንሰለት ፈጥሮ አስመዘገበ።

የነዚህ የጥንት ሰንሰለቶች ድካም በአንጓቸው ላይ ነበረ። ሰንሰለት በመንኰራኵር ላይ ሲጠመጠም መታጠፍ አለበት፤ የሚታጠፈውም ጠፍጣፋው ብረት ፒኑን በያዘበት ቦታ ነው። ጠፍጣፋው ብረት ስስ ስለ ሆነ ጭነቱ ሁሉ በጠባብ ስፍራ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ፒኑ ቶሎ ይበላል፤ ቀዳዳውም ቶሎ ይሰፋል። በእንግሊዝ አገር በሳልፎርድ ከተማ አነስተኛ የሰንሰለት ፋብሪካ የነበረው ጄምስ ስሌተር በፒኑ ላይ የሚንከባለል ቀለበት ጨመረበት። ቀለበቱ የመንኰራኵሩን ጥርስ ከመፋቅ አዳነው፤ የአንጓው ማረፊያ ግን እንደ ጠበበ ቀረ።

ሃንስ ሬኖልድ በ1852 በስዊስ አገር አራው በተባለች ከተማ ተወለደ፤ በ1873 ወደ ማንቸስተር መጣ፤ በ1879 የስሌተርን ፋብሪካ ገዛ፤ በሚከተለው ዓመት በ1880 ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን የሰንሰለት ዓይነት አስመዘገበ። ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። በሁለቱ የውስጥ ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል አንድ አጭር የብረት ቱቦ አጥብቆ ሰካ፤ ፒኑን በቱቦው ውስጥ አሳለፈ፤ ተንከባላዩን ቀለበት ከቱቦው በላይ አለበሰ። ከዚህ በኋላ ፒኑ የሚያርፈው በቱቦው ሙሉ ርዝመት ላይ ሆነ። ጭነቱ ያው ነበረ፤ ጭነቱን የሚሸከመው ስፍራ ግን ሰፋ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነጥብ ልብ ይሏል። ሰንሰለት አልጠና ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ብረቱን ማወፈር ነው። ሬኖልድ ግን ዓይኑን ከጠፍጣፋው ብረት ላይ አንሥቶ ወደ አንጓው መለሰ፤ ሰንሰለት የሚያረጀው በሚታጠፍበት ቦታ መሆኑን ተረዳ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1885፥ ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት ባወጣ ጊዜ እንዲህ ያለው ሰንሰለት ሰፊ ገበያ አገኘ። በአገራችን የብስክሌት ጠጋኞች ካቴና እያሉ የሚጠሩት ሰንሰለትም የዚሁ የሬኖልድ ሰንሰለት ዘር ነው።

ቀበቶና ሰንሰለት

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የሞተር ብስክሌት ሥራ ሲስፋፋ አብዛኞቹ ሠሪዎች የመረጡት ሰንሰለትን ሳይሆን ባለሙያዎች ቺንጋ የሚሉትን ቀበቶ ነበረ። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። ባለ አንድ ፒስቶን ሞተር ኀይሉን እንደ ወንዝ በእኩል አያፈስም፤ እንደ መዶሻ እየመታ ይሰጣል እንጂ። ቀበቶው በመለጠጡና ጥቂት በመንሸራተቱ ምቱን ያለዝበዋል። ሰንሰለት ግን ምቱን እንዳለ ለጎማው ያደርሳል፤ ነጂውንም ያንገጫግጨዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ዝናብ በጣለ ጊዜ ቀበቶው ይንሸራተታል፤ በዳገት ላይም ነጂው ወርዶ መግፋት ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ምርጫው በምቾትና በታማኝነት መካከል ነበረ።

በአሜሪካ ኢንዲያን የተባለው ፋብሪካ በ1901 ሠርቶ ባወጣው የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት ላይ ሰንሰለትን መረጠ። በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር የሚገኘው የፌሎንና የሙር ፋብሪካም ገና ከጅምሩ የሰንሰለት ወገን ሆነ፤ ሞተር ብስክሌቶቹም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን የአየር ጓድ አገልግለዋል። በኮቨንትሪ የነበረው የትራያምፍ ፋብሪካ በ1915 ያወጣው ሞዴል ኤች ግን የሁለቱ ወገኖች ዕርቅ ነበረ ለማለት ይቻላል። ኀይሉ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው በሰንሰለት፥ ከካምቢዮው ወደ ኋላው ጎማ በቀበቶ ይሄድ ነበርና። የሞተሩ ስፋት 550 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፥ ለጦርነቱ ወደ 30,000 የሚሆኑ ተሠርተው መልእክተኞች ጭቃና ጨለማ ሳይሉ ሮጠውባቸዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ቀበቶው ከኋላም ቀስ በቀስ ተለቀቀ። ምቱን ለማለዘብ ሠሪዎቹ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ በጠንካራ ሞላ የሚሠራ ማለዘቢያ አበጁ፤ በኋላም በፍሪሲዮኑ ውስጥ የጎማ ቍራጮችን ያስገቡ ነበሩ። በዚህ ዓይነት ፊተኛው ሰንሰለት በአብዛኞቹ የብሪታንያ ሞተር ብስክሌቶች ውስጥ ቋሚ ሹመቱን አገኘ።

“ተለጠጠ” ማለት ምን ማለት ነው?

ሰንሰለቱ ሹመቱን ካገኘ በኋላ ሕመሙም አብሮ ታወቀ። ጊዜ ባለፈ ቍጥር ሰንሰለቱ ይላላል፤ በመያዣው ውስጥ እየተወዛወዘ ድምፅ ያሰማል። ነጂዎችም “ሰንሰለቱ ተለጠጠ” ይላሉ። በእንግሊዝኛም የሚነገረው ቃል ይኸው ነው። ቃሉ ግን አሳሳች ነው። ተለጠጠ ሲባል ብረቱ ተስቦ የቀጠነና የረዘመ ይመስላል። ጠፍጣፋው ብረት ጭነት ሲያርፍበት እጅግ ጥቂት ቢሳብ እንኳ ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ቦታው ይመለሳል። ያለቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ፒኑና ፒኑ የሚያርፍበት ቱቦ ነው።

ሰንሰለቱ በታጠፈ ቍጥር ፒኑ በቱቦው ውስጥ ጥቂት ይዞራል፤ ሲዞርም ሁለቱ ብረቶች ይፋተጋሉ። ከአንዱ አንጓ የሚጠፋው ብረት በዓይን የሚታይ አይደለም። ነገር ግን ሰንሰለት ማለት የብዙ አንጓ ድምር ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች በሆነ ሰንሰለት ላይ 24 አንጓ ብንቈጥር ርዝመቱ 12 ኢንች፥ ማለት 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ አንጓ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ብቻ ቢበላ፥ ይህም ሦስት ወይም አራት የራስ ጠጕር ቢደራረብ የሚያህለውን ያህል ነው፥ የ24ቱ ድምር 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰንሰለቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ረዘመ ማለት ነው። የሰንሰለት ባለሙያዎችም በጠቅላላው ከመቶ ሁለት እጅ የረዘመ ሰንሰለት ዕድሜውን ጨርሷል ይላሉ። እንግዲህ አንዱን አንጓ ለብቻው ቢመረምሩት ጤነኛ ይመስላል፤ ሲደመር ግን የሰንሰለቱ ፍጻሜ ሆኖ ይገኛል።

አንጓው ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍም ማሰብ ይጠቅማል። ከ1963 ጀምሮ የተሠራው ባለ 650 ሴንቲ ሜትር ኩብ የትራያምፍ ሞተር ለምሳሌ ይሁነን። የሞተሩ መንኰራኵር 29፥ የፍሪሲዮኑ መንኰራኵር 58 ጥርሶች አሉአቸው፤ ሰንሰለቱም 84 አንጓዎች አሉት። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ቢዞር ሰንሰለቱ በዚያችው ደቂቃ ከ1,380 ጊዜ በላይ ዙሩን ይፈጽማል። አንድ አንጓ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ሁለቱ መንኰራኵሮች ሲገባ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ ሲወጣም ሁለት ጊዜ ይቃናል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ጕዞ ውስጥ እያንዳንዱ አንጓ ከ330,000 ጊዜ በላይ ይፋተጋል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ብረት መበላቱ አያስደንቅም፤ ይልቁንም ይህን ያህል መቈየቱ ያስደንቃል።

የመቈየቱ ምስጢር ዘይት ነው። ንጹሕ ዘይት በፒኑና በቱቦው መካከል ሲገባ ብረት ከብረት ጋራ እንዳይገናኝ ይከላከላል። ዘይቱ ሲጐድል ወይም ከፍሪሲዮኑ የሚረግፈው ትቢያ ሲበዛበት ግን ዘይቱ ራሱ እንደ ሞረድ ይሆናል። ደረቅ ሰንሰለት በአንጓዎቹ አጠገብ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ያወጣል። ይህን ቀይ ዱቄት ያየ መካኒክ ጕዳቱ ከውስጥ መጀመሩን ያውቃል።

ያረጀ ሰንሰለት ሌላም ምልክት አለው፤ ያነክሳል። ከአንድ ቱቦ እስከ ጓደኛው ድረስ ያለው የውስጥ ጠፍጣፋ ብረት ርቀቱን አይለውጥም፤ የአንጓው መበላት የሚታየው በውጭው ጠፍጣፋ በኩል በሚገኘው እርምጃ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ እርምጃ እንደ ቀድሞው ሲሆን ተከታዩ ይረዝማል። እንዲህ የሚያነክስ ሰንሰለት በጥርሶቹ ላይ በሚገባ አይቀመጥም፤ ወደ ጥርሱ ጫፍ እየወጣ ይቈርሰዋል፤ ጥርሶቹም ከጊዜ በኋላ እንደ መንጠቆ ይጐብጣሉ።

የመላላት መድኃኒትና ጣጣው

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከልና ከዚያም በኋላ በተሠሩት ብዙ የብሪታንያ ሞተር ብስክሌቶች ውስጥ ሞተሩና ካምቢዮው ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ነበሩ። ሰንሰለቱ በላላ ጊዜ መካኒኩ የካምቢዮውን ብሎኖች አላልቶ ካምቢዮውን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ፊተኛው ሰንሰለትም ይወጠራል። ነገር ግን ካምቢዮው ወደ ኋላ ሲሄድ ኋለኛው ሰንሰለት ይላላል፤ ስለዚህ ጎማውን ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል። ጎማው ሲሳብ ደግሞ የፍሬኑ ልክ ይለወጣል፤ እርሱንም እንደ ገና ማስተካከል ግድ ነው። ይህን ተራ የማያውቅ ሰው ኋለኛውን ሰንሰለት አስቀድሞ ቢያስተካክል ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አንዱ ከሌላው ጋራ በተያያዘ ሥራ ላይ ከየት መጀመር እንደሚገባ ማወቅ የሥራው እኩሌታ ነው።

ልኩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰንሰለቱ በመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲጫወት መተው በዚያ ዘመን የተለመደ ነበረ። ሰንሰለት በእኩል ስለማያረጅ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መተው አይበቃም፤ ሞተሩን እያዞሩ እጅግ የተወጠረበትን ቦታ ፈልጎ በዚያ መለካት ያስፈልጋል። እንዲያው በላላው ቦታ ለክቶ የወጠረ ሰው ሰንሰለቱ ወደ ጠባቡ ቦታ ሲደርስ የሞተሩንና የካምቢዮውን ዘንግ እየሳበ ኩሽኔታቸውን ይጐዳል። የላላ ሰንሰለት ይጮኻልና ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ግን ዝም ብሎ ይገድላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ ሁሉ የብዙ ሺህ ወታደሮች የዕለት ተግባር ሆነ። ቢ ኤስ ኤ የተባለው ፋብሪካ ኤም 20 የተሰኘውን ሞተር ብስክሌት ወደ 126,000 የሚሆን ለሠራዊቱ አስረከበ፤ ኖርተንም ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራ። በእነዚህ ላይ የተቀመጡት መልእክተኞች ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ትእዛዝ ያደርሱ ነበር። ስልክ በተቈረጠበት ቦታ የአንድ ጓድ ዕጣ በአንድ ወረቀት ላይ፥ ወረቀቱም በመልእክተኛው እጅ ላይ ይንጠለጠላል። ፊተኛው ሰንሰለት ቢበጠስ መልእክተኛው ከመንገድ ይቀራል፤ የተበጠሰውም ሰንሰለት በመያዣው ውስጥ ተጠቅልሎ መያዣውን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ የሚሊ ሜትር ሩብ የምታህለው የአንጓ መበላት እንደ ተራ ነገር የምትናቅ አልነበረችም።

በዚያ ዘመን የነበረው የኖርተን የሰንሰለት መያዣም ለትምህርት የሚሆን ምሳሌ ነው። መያዣው ሁለት የተጫኑ ስስ የብረት ግማሾች ሲሆኑ፥ በዙሪያው በገባ አንድ የጎማ ቀለበትና በመካከሉ ባለ አንድ ብሎን ይገጠም ነበር። ለመክፈት ከዚህ የቀለለ አልነበረም። ነገር ግን ብረቱ ጥቂት የጐበጠ እንደ ሆነ ወይም ጎማው ያረጀ እንደ ሆነ ዘይቱ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ በመሬት ላይ ያለውን የዘይት ነጠብጣብ እያየ ወለሉ መበላሸቱን ያማርራል፤ እውነተኛው ጕዳት ግን በመያዣው ውስጥ በደረቀው ሰንሰለት ላይ ይሠራል።

ካምቢዮው ከሞተሩ ጋራ ሲዋሐድ

በ1957 ትራያምፍ ትዌንቲ ዋን የተባለውን ባለ 350 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ብስክሌት ባወጣ ጊዜ ሞተሩንና ካምቢዮውን በአንድ አካል አዋሐደ። በ1963 ባለ 650ውም ይህንኑ ተከተለ። ከዚህ በኋላ ካምቢዮውን ወደ ኋላ መሳብ ቀረ፤ ስለዚህ የመላላቱ መድኃኒት መለወጥ ነበረበት። በባለ 650ው ላይ ሰንሰለቱ ባለ ሁለት ረድፍ ሆነ፤ ጭነቱም ለሁለት ተከፈለ። ከሰንሰለቱ ሥርም ጎማ የለበሰ ቀስት መሰል ብረት ተደረገ፤ መካኒኩ ብሎኑን ሲያጠብቅ ብረቱ እየጐበጠ ሰንሰለቱን ወደ ላይ ይደግፋል። ጥርሶቹን 29 ማድረግም ጥቅም ነበረው። 29 በሌላ ቍጥር የማይከፈል ስለ ሆነ አንዱ አንጓ ሁልጊዜ የሞተሩን አንድ ጥርስ ብቻ እየመታ አይኖርም፤ ድካሙ ለሁሉም በተራ ይዳረሳል።

ኖርተን ግን በ1967 ኮማንዶ የተባለውን አዲስ ሞዴሉን ለሕዝብ ሲያሳይ ካምቢዮውን እንደ ቀድሞው ለብቻው አቆየው፤ ሰንሰለቱንም ባለ ሦስት ረድፍ አደረገው። ሁለቱ ፋብሪካዎች መንገዳቸው ቢለያይም ያሰቡት አንድ ነበረ፤ ሬኖልድ በ1880 እንዳደረገው፥ ጭነቱን የሚሸከመውን የአንጓ ስፍራ ማስፋት።

በዚህ ላይ ደጋግሞ የሚነገር አንድ አስተያየት አለ። የብሪታንያ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች የወደቁት እንደ ፊተኛው ሰንሰለት ያለውን ያረጀ ነገር አንለቅም በማለታቸው ነው ይባላል። እኔ ይህን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ሰንሰለቱን ትቶ ጥርስን ከጥርስ ማጋጠም የሚቻል መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነበር፤ የኢጣልያው ሞቶ ጉዚ ገና በ1921 ይህን አድርጎታል። የጃፓኑ ካዋሳኪም በ1972 ባወጣው ዜድ 1 ላይ እንዲሁ አደረገ። ነገር ግን በ1969 ወጥቶ ዓለምን ያስደነቀው የሆንዳ ሲ ቢ 750 በሞተሩ ውስጥ ኀይሉን ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሰው በሁለት ጐን ለጐን በተቀመጡ ሰንሰለቶች ነበረ። ዛሬም ትላልቆቹ የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ብስክሌቶች በፊተኛ ሰንሰለት ይሠራሉ። ስለዚህ ሰንሰለቱ ራሱ ወንጀለኛ ሊባል አይገባውም።

ልዩነቱ ያለው በእንክብካቤው ላይ ነው። በሆንዳው ላይ ሰንሰለቶቹ ከሞተሩ ጋራ በአንድ አካል ውስጥ በሞተሩ ዘይት እየራሱ ይሮጣሉ፤ የሚወጥራቸውም ነገር ከውስጥ ተበጅቶላቸዋል። ባለቤቱ ቢዘነጋም ሠሪው አልዘነጋም። በአሮጌው የብሪታንያ ሥራ ግን ሠሪው ጥንቃቄውን ለባለቤቱ ተወለት። ባለቤቱ ትጉህ በሆነበት ቦታ ሰንሰለቱ በታማኝነት አገለገለ፤ ሰነፍ በሆነበት ቦታ ግን ጥፋቱ ለፋብሪካው ተቈጠረ። ኮማንዶ በ1977 መሠራቱ ቀረ፤ በሜሪደን የነበረው የትራያምፍ ፋብሪካም ሠራተኞቹ በ1973 ይዘውት፥ በኋላም በኅብረት ሥራ ሲያካሂዱት ቈይተው በ1983 ተዘጋ። ለመዘጋታቸው የገንዘብና የአስተዳደር ብዙ ምክንያት ነበረ፤ የሰንሰለቱ ድርሻ እጅግ ያነሰ ነው።

የመለወጫው ጊዜ

ፋብሪካዎቹ ቢዘጉም ሥራቸው አልጠፋም። በብዙ አገር የሚገኙ ሰዎች እነዚህን አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ጠግነው ይነዱአቸዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ዛሬም ሕያው ነው። ሰንሰለቱ የሚለወጠው መቼ ነው? መልሱ ማስተካከያው ባለቀ ጊዜ አይደለም። ብዙ ሰው ካምቢዮው ወደ ኋላ መሄድ እስከሚችልበት መጨረሻ ድረስ እየሳበ፥ ወይም ቀስት መሰሉን ብረት እስከ ዳር እያጠበቀ፥ “ገና ይሠራል” ይላል። መወጠር ግን መላላቱን ይሸፍናል እንጂ ያለቀውን ፒን አይመልሰውም። በትክክል ለመወሰን ሰንሰለቱን አውጥቶ፥ አጥቦ፥ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ፥ ሳብ አድርጎ መለካት ያስፈልጋል። ግማሽ ኢንች በሆነው ሰንሰለት ላይ 12 ኢንች መሆን የሚገባው 12 ኢንች ከሩብ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

ሲለወጥም ሰንሰለቱን ብቻ ማየት አይበቃም። በጐበጡ ጥርሶች ላይ አዲስ ሰንሰለት የጫነ ሰው አዲሱን በአሮጌው ጥፋት ያስበላዋል። በማያያዣ ቅንጥብ የሚገጠም ሰንሰለት ከሆነ የቅንጥቡ ድፍን ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት፥ ክፍቱ ጫፍ ወደ ኋላ መሆን አለበት፤ ይህ ቢገለበጥ ቅንጥቡ በአንድ ነገር ቢነካ ሊወልቅ ይችላል። እንደ ባለ 650ው ትራያምፍ ያለው ማያያዣ የሌለው ሰንሰለት ደግሞ የሚወጣው ሁለቱ መንኰራኵሮች ከነሰንሰለቱ አብረው ሲወጡ ነው፤ ለዚህም ተገቢው መንቀያ ያስፈልጋል። መንቀያ የሌለው ሰው በመዶሻ የጀመረው ሥራ የሰንሰለቱን ዋጋ ብዙ ጊዜ እጥፍ ያስከፍለዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት በመጀመሪያ ስለ ቃል ነው። “ተለጠጠ” የተባለው ቃል ሰውን ወደ ጠፍጣፋው ብረት እንዲመለከት አደረገው፤ እውነቱ ግን በአንጓው ውስጥ ነበረ። ስሙ የተሳሳተ በሽታ መድኃኒቱም ይሳሳታል። ረዘመ ብለው መወጠርን ብቻ መድኃኒት ያደረጉት ሰዎች ሰንሰለቱን፥ ጥርሱንና ኩሽኔታውን አብረው አጡ፤ ያለቀው አንጓው መሆኑን የተረዱት ግን ዘይቱን ጠብቀው፥ በጊዜው ለክተው፥ በጊዜው ለውጠው አሮጌውን ሞተር እስከ ልጆቻቸው ዘመን አደረሱት።

ሁለተኛውም ትምህርት ስለ ትንሽ ነገር ነው። ማንኛውም ሥራ የብዙ አንጓ ድምር ነው። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ የምትታየው ጕድለት ከጠጕር የማትበልጥ ሆና ሳለ፥ ሁሉም “የእኔ ጥቂት ናት” ቢል ድምሩ ሥራውን ሁሉ ያላላዋል። በዚያን ጊዜ አለቃ ከላይ ቢወጥር ድምፁ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ያለቀው አንጓ ግን እንዳለቀ ይኖራል። አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለዚህ ነው። ከልብስ ማጠቢያ ገንዳ በማይበልጥ መያዣ ውስጥ ተከድኖ የሚሮጠው ሰንሰለትም የሚለምነን ይህንኑ ነው፤ ድምፁ ሳይሰማ ክዳኑን ከፍተን እንድናየው።